የዓመቱ አሥር ዘፈኖች፣ በጳጉሜን ሲቆጠሩ

«እንኳን ለጳጉሜን አደረሳችሁ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን ልበላችሁ፤ የዓመቱን ዘፈኖች ተቀምጦ ደረጃ ለማውጣት ከጳጉሜን የተሻለ ጊዜ የለማ። አሮጌው ዓመት ከመሄድ አልፎ ሊጨምረው የሚችለው ነገር የለም፣ አዲሱም ገና አልገባም። ዛሬ አሥር ዘፈኖቼን ከታች ወደ ላይ አሰማችኋለሁ። ቀድሜ ግን ስለ ዳኝነቴ ላውጋችሁ፤ ኋላ ስልኩን ስታጨናንቁት መልሴን ከወዲሁ ሰምታችሁታል።

የመጀመሪያው ጣጣ ዓመቱ ራሱ ነው። የእኛ ሙዚቃ ከወር ወር እኩል አይወጣም። በዐቢይ ጾም አዲስ አልበም ይዞ ብቅ የሚል ድምፃዊ ጥቂት ነው፤ ብዙው ፋሲካን ይጠብቃል። የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» በ2009 የወጣው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ የቢልቦርድን የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ መራ። ነሐሴ ሲያልቅ ደግሞ የእንቁጣጣሽ ነጠላ ዜማዎች ይጎርፋሉ። የሚያሳዝኑኝ እነዚህ ናቸው። የተለቀቁት በአሮጌው ዓመት፣ የሚጨፈርባቸው በአዲሱ። አሮጌው ሲቆጠር «ገና ትኩስ ናቸው፣ ይቆዩ» ይባላሉ፤ አዲሱ ሲቆጠር «የአምና ናቸው» ተብለው ይታለፋሉ። ዋሽንግተን ያለው ዘመዳችሁ በበኩሉ ዓመቱን የሚዘጋው በፈረንጆቹ ታኅሣሥ ስለሆነ፣ በኅዳር የወጣች አንዲት ዘፈን ለእሱ የዓመቱ ማለቂያ፣ ለእኛ የዓመቱ መባቻ ናት። እኔ በሥልጣኔ ወስኛለሁ፤ ከነሐሴ ወዲህ የወጣ ሁሉ ለሚመጣው ዓመት ተላልፏል። ይግባኝ የለውም።

«ለምን በዓመት ታጥሪያለሽ፣ የምንጊዜም ምርጦችን አታወጪም?» ያላችሁኝ አላችሁ። የቢቢሲ ሬዲዮ አቅራቢው ጆን ፒል ሞክሮታል። በፈረንጆቹ 1976 አድማጮቹን የምንጊዜም ሃምሳ ምርጥ ዘፈኖች አስመረጠ። ከዓመት ዓመት እነዚያው ዘፈኖች እየተመለሱ ሲያሰለቹት ጊዜ፣ ከ1982 ጀምሮ የዚያው ዓመት ዘፈን ብቻ እንዲመረጥ አደረገ። እኛ ዘንድ ቢሆንማ ውጤቱን ሳትመርጡ ታውቁታላችሁ፤ ጥላሁን ገሠሠ አንደኛ ይወጣል፣ በዓመቱም ጥላሁን ገሠሠ አንደኛ ይወጣል፣ እኔም ሥራ እፈታለሁ።

አሥር የሚለው ቁጥርስ? እንግሊዞች የመጀመሪያውን የሸክላ ሽያጭ ሰንጠረዥ ያወጡት በፈረንጆቹ 1952 ነው። ፐርሲ ዲኪንስ የሚባል የአንድ ሙዚቃ ጋዜጣ ሰው ወደ ሃያ የሚሆኑ ሸክላ ቤቶች ጋ እየደወለ «ምን ተሸጠ?» ብሎ ጠይቆ፣ ደምሮ አወጣው። ደረጃው አሥራ ሁለት፣ ዘፈኑ ግን አሥራ አምስት ሆነ፤ እኩል የወጡ ነበሩና። ይህን ሳውቅ ልቤ አረፈ። እኔም ዛሬ ሰባተኛ ላይ ሁለት ዘፈን አስቀምጫለሁ፤ ለምን አልመረጥሽም እንዳትሉኝ።

በካሴት ዘመን እኛ ሰንጠረዥ አልነበረንም። ሰንጠረዡ ሙዚቃ ቤት በር ላይ የሚጮኸው ስፒከር ነበር። መርካቶን ከላይ እስከ ታች የሄደ ሰው የሰሞኑን አንደኛ ማንም ሳይነግረው ያውቅ ነበር። ኋላ በሸገር ኤፍ ኤም የለዛ ፕሮግራም አድማጩን ራሱን እያስመረጠ መሸለም ያዘ፤ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። አሁን የሁሉም ዳኛ ዩቲዩብ ሆኗል። እኔ ግን ይህን ዳኛ አላምነውም። ሚሊዮኑ ሰው የተመለከተው ዘፈኑን ይሁን፣ ልብሱን፣ እስክስታውን ወይስ የተቀረፀበትን ተራራ፣ ቁጥሩ አይናገርም። ስለዚህ አሥሩንም የመረጥኳቸው ክሊፕ ሳላይ፣ በጆሮዬ ብቻ ነው። የሬዲዮ ሰው ነኝ፣ ምን ላድርግ!

አንድ ነገር ደግሞ ያንገበግበኛል። አንደኛ ብለን ስናበቃ የምንጠራው ድምፃዊውን ብቻ ነው። ግጥሙን ማን ጻፈው? ዜማውስ? ቅንብሩስ? የቴዲ አፍሮን «አቡጊዳ»፣ የዘሪቱ ከበደን የመጀመሪያ አልበም፣ የኢዮብ መኮንንን «እንደ ቃል» አስቡ። ሦስት ፍጹም የማይመሳሰሉ ድምፆች ናቸው፤ ከሦስቱም ጀርባ ግን አቀናባሪው ኤልያስ መልካ አለ። በመስከረም 2012 ሲያርፍ ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ስንት ይሆን? ዘፈኖቹን ግን በቃሉ ይዟቸዋል። ስለዚህ ዛሬ ከእያንዳንዱ ዘፈን በፊት የገጣሚውን፣ የዜማ ደራሲውንና የአቀናባሪውን ስም አነብላችኋለሁ። ስም ሲበዛባችሁ ሻይ አፍሉ።

አሁን ደግሞ የራሴን ዝርዝር የሚያፈርስ ነገር ልንገራችሁ። የእንግሊዛዊቷ ድምፃዊት የኬት ቡሽ አንድ ዘፈን በፈረንጆቹ 1985 ወጥቶ፣ በ2022 አንድ ተከታታይ ፊልም ውስጥ በመግባቱ እንግሊዝ አገር አንደኛ ሆነ። ሠላሳ ሰባት ዓመት! የማህሙድ አህመድ «እረ መላ መላ» አዲስ አበባ ውስጥ በካይፋ አሳታሚነት የወጣው በፈረንጆቹ 1975 ነው፤ አውሮፓ ያወቀው ግን አንድ የቤልጂግ አሳታሚ በ1986 ካወጣው በኋላ ነው። ታዲያ የየትኛው ዓመት ዘፈን ልበለው? የጳጉሜን ዝርዝሬ የሚይዘው ቶሎ የደረሰውን ብቻ ነው። ዘንድሮ አንድ ጥሩ ሰው አንድ ጥሩ ዘፈን ለቆ፣ ማንም ሳይሰማው፣ እኔም ሳልሰማው አልፎ ይሆናል። እንዲህ ያለ የምታውቁ ላኩልኝ፤ የታወቀውን ግን አትላኩልኝ።

ወደ ደረጃው ስንገባ፣ ከጥር ሰርግ እስከ ግንቦት ሰርግ ያስጨፈራችሁ ያ ዘፈን አራተኛ ነው። አዎ፣ አራተኛ። ከበሮው ሲገባ ማንም አይቀመጥም፣ እኔም ተነሥቻለሁ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግን ገጣሚው ደክሞት የመጀመሪያውን ደገመው። አንደኛዬ ደግሞ ቀርፋፋ ናት፣ ሰርግ ላይ ቢከፍቷት ሙሽሮቹ ይቆጣሉ። መሰንቆው ከጊታሩ ጋር የሚነጋገርበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱን ስትሰሙ ለምን እንዳስቀደምኳት ገብቷችሁ ትፈርዱልኛላችሁ፣ ወይም ትፈርዱብኛላችሁ። እዚያ ለመድረስ ግን ዘጠኝ ደረጃ ይቀረናል። በሉ፣ አሥረኛው ይኸውላችሁ።