ከጉድጓድ የሚቀዳ ውሃ ሒሳብ አለው
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከባሕር እጅግ በራቀው በጋምቤላ ምድር ሆኖ፥ የባሕር ጨው ወደ ጉድጓድ ውሃ ስለ መግባቱ መናገር ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም፥ የባሕር ዳር ሕዝቦች በዚህ ነገር ተጎድተው ያገኙት ትምህርት በትየርኪዲ የስደተኞች ሠፈር ለሚጠጣው ውሃም ይሠራል የሚል ነው።

አስቀድሞ ነገሩን እናስረዳ። በባሕር ዳር ከመሬት በታች፥ ከዝናብ የተጠራቀመው ጣፋጭ ውሃ በጨዋማው ውሃ ላይ ተንሳፎ ይኖራል፤ የባሕር ውሃ ከመቶ 2.5 ያህል ይከብዳልና። ጊበንና ሄርዝበርግ የተባሉ ሊቃውንት እንዳስረዱት፥ ጣፋጩ ውሃ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሜትር ከፍ ካለ ከወለሉ በታች 40 ሜትር ያህል ይጠልቃል። እንግዲህ በፓምፕ ብዛት ላዩ 1 ሜትር ዝቅ ቢል፥ ጨው ውሎ አድሮ ከታች 40 ሜትር ያህል ይወጣል ማለት ነው።

ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ በሆነ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ስለሚወርድ ድንጋዩን ቀስ በቀስ እያሟሟ ስንጥቁን ዋሻ ያደርገዋል። በባሌ የወይብ ወንዝ የሚያልፍበት የሶፍ ዑመር ዋሻ የዚሁ ሥራ ውጤት ነው። በባሕር ዳር ግን ጨውም በዚያው ስንጥቅ ይገባል። የኖራ ድንጋይ ደሴት የሆነችው ማልታ ጉድጓዶቿ ስላልበቋትና ጨው ስላስቸገራት፥ ዛሬ ከቧንቧ ውሃዋ ከግማሽ የሚበልጠውን የምታገኘው የባሕርን ውሃ በፋብሪካ በማጣራት ነው። ይህም ብዙ ኤሌክትሪክና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው።

ባሕር በሌለበትም ቢሆን ሒሳቡ ያው ነው። የሐረር ከተማ ለብዙ ዘመን ትጠጣበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ፥ ከተማው ሲቀዳው፥ ገበሬው በፓምፕ ሲስበው፥ ደለልም ሲሞላው ቆይቶ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ፤ ሐረርም ከድሬዳዋ በኩል ውሃ ለማስመጣት ተገደደች። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ውሃ መያዝ ጀምሯል፤ ይሁን እንጂ ያለፈው ችግር ሊዘነጋ አይገባም።

አሁን ወደ ትየርኪዲ እንመለስ። ሠፈሩ የተከፈተው በ2006 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጦርነት ብዙ ሕዝብ ባሰደደ ጊዜ ነው። በመጀመሪያ ውሃው በቦቴ ይመላለስ ነበር፤ በዚያው ሰሞንም ሄፓታይተስ ኢ የተባለው የጉበት በሽታ በጋምቤላ ሠፈሮች ተነሣ። በኋላ በኢታንግ አካባቢ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ውሃው በቧንቧ ወደ ትየርኪዲና ወደ ጎረቤት ሠፈሮች እንዲሄድ ተደረገ፤ የኢታንግ ከተማ ነዋሪም ከዚያው ይጠጣል።

በዚህ ሜዳ ያለው በአብዛኛው ወንዞች ያመጡት አሸዋና ሸክላ አፈር እንጂ የኖራ ድንጋይ አይደለም፤ የባሕር ጨውም አያሠጋንም። ነገር ግን ገቢና ወጪ አለ። ገቢው ዝናብና ወንዝ ሲሆን ወጪው ፓምፕ ነው። ለስደተኛ በሚሰጠው ልክ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢታሰብ፥ 10,000 ሰው 200,000 ሊትር ይፈልጋል። ይህን የሚያወጣ ሰው ምን ያህል እንደ ቀረ ማወቅ አይገባውምን?

ውሃው አንድ ቀን ቢያንስ ስደተኛው በነዋሪው፥ ነዋሪውም በስደተኛው ላይ ያመካኛል። በቁጥር ያልተያዘ ነገር በወሬ ይያዛል፤ በወሬ የተያዘ ውሃ ደግሞ ሰውን ያጣላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ የጉድጓዶቹ የውሃ ከፍታ በበጋም በክረምትም በገመድ ሜትር ይለካ። ሁለተኛ፥ በውሃው ውስጥ የሟሟው ጨው በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ይመርመር። ሦስተኛ፥ ቁጥሩ በኑዌር፥ በአኙዋና በአማርኛ ተጽፎ በቦኖው አጠገብ ይለጠፍ፤ ውሃ ቀጂዋ ሴትም ታንብበው። ማኅበራችን በዕረፍት ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎችን ለዚህ ሥራ ቢያቀርብ ትምህርታችን ከደብተር ወጥቶ ለሕዝብ ይደርሳል።

ጨው የባሕር ዳር ጉድጓዶችን የያዘው በአንድ ሌሊት አይደለም። «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» እንደሚባለው፥ ፓምፑ ደኅና ሲሠራ፥ ሰዉም ደስ ብሎት ሲቀዳ ነው። እኛ ግን ገና ውሃው ሳለ እንቁጠር።