ከነጥቧ በፊት ሰዓቱን



ለእንግዳችን «ሳሊተ ምሕረት ሲደርሱ ይደውሉልኝ» እንላለን። ስልክ ባይሠራስ? የአማተር ሬዲዮ ባለሙያዎች ኤፒአርኤስ የተባለ ዘዴ አላቸው። ከጂፒኤስ ጋር የተገናኘ ሬዲዮ የጥሪ ምልክቱንና ያለበትን ስፍራ ያሰራጫል፤ የሰማው ጣቢያ ወደ ኢንተርኔት ያሳልፈዋል፤ በካርታ ላይም ነጥብ ሆኖ ይታያል። በተለመደው አጻጻፍ ስፍራው እስከ 0.01 ደቂቃ፣ ማለትም እስከ 18 ሜትር ገደማ ይለያል።

ይሁን እንጂ ተማሪዎቼን ደጋግሜ አስጠነቅቃለሁ፦ ነጥቧ የምታሳየው ሰውየው አሁን ያለበትን ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማበትን ስፍራ ነው። ተራራ ወይም ፎቅ ሲጋርደው ነጥቧ በነበረችበት ትቀራለች። አደጋ የደረሰበትን ሰው ስንፈልግ ከቦታው በፊት ሰዓቱን እናንብብ። ሰሚ ከሌለ ካርታውም ዝም ይላል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንዳለው ኢቲ3ኤኤ ያሉ የክለብ ጣቢያዎች ሊበዙ የሚገባቸውም ለዚህ ነው።