የጉጉት ትፋት ምን ያስተምረናል?

(በጅማ፣ መንደራ ቆጪ ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ጉጉት ከጣሪያ ላይ ስትጮኽ ብዙዎቻችን «ሞት ልትጠራ ነው» ብለን በድንጋይ እናባርራታለን። እኔም ልጅ ሳለሁ ወርውሬባታለሁ። ኮሌጅ ገብቼ ትፋቷን በእጄ ከፍቼ ባየሁ ጊዜ ግን ተጸጸትሁ። ዛሬ የምነግራችሁም ስለዚሁ ነው።

ጉጉት አይጥን አታኝክም፤ ትውጣለች። ሥጋው ይፈጭላታል፤ ጠጉሩና አጥንቱ ግን በሆዷ ተጠቅልሎ በአፏ ይወጣል። ከዋንዛ ወይም ከአሮጌ ጎተራ ሥር እንደ አውራ ጣት ያለ ግራጫ ድቡልቡል ነገር ብታገኙ ኩስ አይደለም፤ ትፋቷ ነው። በውስጡ የበላችው አውሬ ራስ ቅልና ጥርስ ይገኛል። ዶሮዬን ወሰደች ብሎ የሚጠረጥር ሰው ካለ፣ ከመፍረዱ በፊት ይህን ምስክር ይመርምር።

ሁለተኛው ጥቅም ይህ ነው፦ ሰው በወጥመድ በቀላሉ የማይዛቸውን ብርቅ እንስሳት ጉጉት ትይዛቸዋለች። ዴሪክ ያልደን የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር የሐበሻ ባለጆሮ ጉጉት ምን እንደምትበላ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1973 ጽፏል። በአገራችን አጥቢ እንስሳት ላይ ብዙ ስለ ደከመም፣ ከጅማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ባለው በሸኮ ደን የተገኘች አዲስ የአይጥ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2003 በስሙ ተጠራች። እንግዲህ ደኖቻችን ገና ያልታወቀ ፍጥረት እንዳላቸው ከዚህ ይታያል። በአየርላንድም እ.ኤ.አ. በ2007 ቀድሞ በአገሩ መኖሩ ያልታወቀ ትንሽ አውሬ አጥንቱ ከጉጉት ትፋት ውስጥ ተገኝቷል።

አንድ መርማሪ ብቻውን ስንት ዛፍ ሥር ይደርሳል? በብሪታንያ የአጥቢ እንስሳት ማኅበር ይህን ሥራ በፈቃደኞች ያሠራል። እናንተም በየመንደሩ ስላላችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ አሠራሩም ቀላል ነው።

፩ኛ፦ ትፋቱን በባዶ እጅ አትንኩ። በወረቀት ጠቅልላችሁ ቦታውንና ቀኑን ጻፉበት።

፪ኛ፦ በደንብ አድርቁት፤ ከዚያ ለብ ባለ ውኃ አርሳችሁ አጥንቱን በመርፌ ለዩ። ሲያበቃ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

፫ኛ፦ ጥርሱን ተመልከቱ። የአይጥ የፊት ጥርስ እንደ መሮ ነው፤ ከኋላው ባዶ ድድ አለ። ጥርሱ ሹልና ተከታታይ ከሆነ ግን አይጥ አይደለም፤ ትልና ነፍሳት የሚበላ ባለ ሹል አፍንጫ አውሬ ነው። እርሱ የእህላችሁ ጠላት አይደለም።

፬ኛ፦ የልማት ሠራተኛው የተሰበሰበውን በጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ላሉ ባለሙያዎች ያሳይ።

በመጨረሻ አንድ አደራ አለኝ። መርዝ የበላ አይጥ ጉጉትን ይመርዛል፤ ስለዚህ የሞተውን አይጥ ሜዳ ላይ አትጣሉ፤ ቅበሩት። ጎጆዋንም አታፍርሱ። ጉጉትን የገደለ ሰው ሳያውቀው ለአይጥ ወገነ ማለት ነው።