አንኮበርና ደብረ ብርሃን፤ የሁለት ከተሞች ኩራትና አያያዝ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በሰሜን ሸዋ፣ ሰርግ ቤትም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ አንድ የአንኮበር ሰውና አንድ የደብረ ብርሃን ሰው ጎን ለጎን ከተቀመጡ ጨዋታው የት እንደሚደርስ አስቀድሞ ይታወቃል። የአንኮበሩ ሰው፣ «እኛ ዘንድ ንጉሥ ግብር ሲያበላ እናንተ ዘንድ በግ ይጠበቅ ነበር» ይላል። የደብረ ብርሃኑም፣ «እናንተ ዘንድ ጅብ ሲጮኽ እኛ ዘንድ ዘርዐ ያዕቆብ ያስቀድስ ነበር» ብሎ ይመልሳል። ከመንዝ የመጣ ሦስተኛ ሰው ካለ ደግሞ ሁለቱንም ፈገግ እያለ ካዳመጠ በኋላ፣ «ነገሥታቱን ያወረድንላችሁ እኛ አይደለንም ወይ?» ሲል ክርክሩን ይዘጋዋል። ሦስቱም አልዋሹም።

ይህን የመሰለ ጨዋታ በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ማንሣት ምናልባት እንደ ሥራ ፈትነት ይቆጠር ይሆናል። ይሁን እንጂ ሰው በከተማው መመካቱ በመንገዱ፣ በውሃውና በቆየው ሕንፃ አያያዝ ላይ የሚያመጣው ውጤት አለ፤ ውጤቱም ሁልጊዜ መልካም አይደለም። ስለዚህ ሁለቱን ከተሞች እንደ ሽማግሌ ሳይሆን እንደ ባለሙያ ጎን ለጎን አስቀምጦ መመርመር ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ምድሩ አቀማመጥ። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት በመንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ በ130 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ተዘርግታለች። አንኮበር ደግሞ ሜዳው አልቆ ምድሩ ወደ አፋር ቆላ በሚናድበት አፋፍ ላይ ተንጠልጥላለች። ሁሉም አንኮበርን የተራራ ከተማ እያለ ስለሚጠራት ከደብረ ብርሃን በላይ ያለች ይመስላል፤ ካርታው የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። መንገዱ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ አፋፉ ላይ ከወጣ በኋላ አንኮበር የሚደርሰው እየወረደ ነው፤ ከተማዋም ከሜዳው ከተማ በጥቂት መቶ ሜትር ዝቅ ብላ ትገኛለች። ምሽግ ያደረጋት በዙሪያዋ ያለው ቁልቁለት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የውሃው ነገር ነው። በደብረ ብርሃን ላይ የዘነበው ዝናም በበሬሳ ወንዝ አድርጎ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ገብቶ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይጓዛል። በአንኮበር የዘነበው ግን ወደ ምሥራቅ ወርዶ አዋሽን ይቀላቀልና ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ ሐይቆች ይቀራል። የግማሽ ቀን የበቅሎ መንገድ በማይሞላ ሜዳ ላይ ሁለት የተለያዩ ዓለማት ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል ማለት ነው። የሁለቱ ከተሞች ታሪክም እንደ ውሃቸው አቅጣጫው የተለያየ ሆኗል።

ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው፤ ዘመኑም 1440ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ነው። ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው በሰማይ ብርሃን በመታየቱ ንጉሡ ቦታውን ደብረ ብርሃን ብሎ ሰየመው። አንዳንድ ሊቃውንት ይህን ብርሃን በ1448 ዓ.ም. ከታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል፤ ቀኑ በትክክል መግጠም አለመግጠሙ ግን አከራካሪ ነው። ለመሐንዲስ ከብርሃኑ ይበልጥ ቁም ነገር ያለው ንጉሡ በዚያ ተቀምጦ መቆየቱ ነው። የዚያን ዘመን ቤተ መንግሥት የድንኳን ከተማ ስለ ነበረ፣ የአካባቢው ማገዶና ቀለብ ሲያልቅ ተነሥቶ ወደ ሌላ ሥፍራ ይሄድ ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ ግን ከዕድሜው መጨረሻ አሥራ ሁለት ዓመት ያህል እዚያው ረግቶ፣ ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ፣ በ1460 ዓ.ም. እዚያው ዐረፈ። ልጁ በእደ ማርያም ወዲያው ትቶት ሄደ። ስለዚህ ደብረ ብርሃን «ጥንታዊት ነኝ» ብትል እውነት ነው፤ «ሳላቋርጥ ከተማ ነበርኩ» ብትል ግን የሚያምናት የለም።

የአንኮበር ታሪክ የሚጀምረው ከመንዝ ነው። የሸዋ ነገሥታት አባት ነጋሲ ክርስቶስ የመንዝ ሰው ነበረ፤ ተወላጆቹም እየሰፉ ሲሄዱ መቀመጫቸው ከመንዝ ደጋ ወደ ደቡብ ደረጃ በደረጃ ወረደ፤ በ18ኛው መቶ ዓመት በመርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ ጊዜ አንኮበር ደረሰ። ከተማዋ የገነነችው ግን ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. በገዛው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። ስሟ ራሱ ሥራዋን ይናገራል፤ በር ናት። ከታጁራ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ ተሻግሮ ከአንኮበር ግርጌ ካለችው ከአልዩ አምባ ገበያ ይደርሳል፤ ጨውና ጨርቅ ይገባል፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና፣ ከተማውን የሚያወድስ ሰው የማያነሣው ቢሆንም፣ ባሪያ ይወጣል። ሚሲዮናዊው ክራፕፍ በዚያ ተቀመጠ፤ የእንግሊዙ ካፒቴን ሐሪስ በ1833 ዓ.ም. መጥቶ በኅዳር 1834 ከንጉሡ ጋር ውል ተዋዋለ። ምኒልክም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጦ ሲመለስ የገባው ወደዚሁ የአባቶቹ ከተማ ነበረ።

እዚህ ላይ አንድ ዓመት በተለይ ሊታሰብ ይገባዋል፤ 1879 ዓ.ም.። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ መጨረሻ የጨለንቆ ጦርነት ተደርጎ ሐረር በምኒልክ እጅ ገባች። አንኮበር ሁለት ሥራ ነበራት፤ አንዱ የንጉሥ መቀመጫነት፣ ሁለተኛው የባሕር መንገድ በርነት። የመጀመሪያውን አዲስ አበባ ወሰደችው፤ ሁለተኛውን ሐረር ወሰደችው። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የታጁራው የግመል መንገድ ጉዳይ ፈጽሞ አበቃ። አንኮበርን የጣላት ጠላት አልነበረም፤ ሥራዋ ስለ ቀረ ብቻ ቀረች።

ይህን የመሰለ ነገር በሸዋ ብቻ የሆነ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ፣ በካናዳ፣ በአንድ ወንዝ ዳር የተቀመጡ ሁለት ታላላቅ ታሪካዊ ከተሞች አሉ፤ ኬቤክ እ.ኤ.አ. በ1608፣ ሞንትሪያል በ1642 የተቆረቆሩ ናቸው። ኬቤክ እንደ አንኮበር በገደል ላይ የቆመች የምሽግና የመንግሥት ከተማ ናት። ሞንትሪያል እንደ ደብረ ብርሃን የመተላለፊያ ከተማ ናት፤ መርከብ በፏፏቴው ምክንያት ማለፍ ሲያቅተው ሸቀጥ የሚራገፍባት ነበረች፤ የላሺን ቦይ በ1825 ተቆፍሮ ሲከፈት ደግሞ ፋብሪካው በቦዩ ዳር ተሰለፈ። የሁለቱ ከተሞች ነዋሪዎች እስከ ዛሬ ይጎሻሸማሉ፤ አንዱ «እናንተ የድንጋይ ጠባቂዎች»፣ ሌላው «እናንተ የገንዘብ ቆጣሪዎች» ይባባላል። ታሪኩ የሚጠቅመው ግን በግንባቸው ጉዳይ ነው። ሞንትሪያል ግንቧን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አፍርሳ ለመንገድ ማስፊያ አደረገችው። ኬቤክም በ1870ዎቹ ልታፈርስ ተነሥታ ነበር፤ የከተማው ነጋዴዎች «ጋሪ አላሳልፍ አለን» ብለው አቤት ብለዋል። በዚያን ጊዜ የነበረው አገረ ገዥ ሎርድ ደፈሪን ግንቡ እንዲጠበቅ፣ በሮቹም ሰፍተው እንዲሠሩ አግባባ። ዓለም ዛሬ ኬቤክን የሚጎበኘው ለዚሁ ለተረፈው ግንብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ኬቤክን ያዳነው የነዋሪዎቿ ኩራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግንቡ ፈርሶ ነበር፤ ኩሩዎቹ ራሳቸው ነበሩና ሊያፈርሱት የተነሡት።

ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ፣ ዳግመኛ የሠራት መንገድ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ሲያወጣ አንኮበርን ትቶ በጣርማ በር በኩል አሳለፈው፤ ተራራውንም ከግማሽ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ዋሻ በሳው። ቀጥሎ የመጣው የመንዝ በግ ነው። በመንዝ ብርድ ሴቶች ፀጉሩን ፈትለው ወንዶች በርኖስና ዝተት ሲሸምኑ የኖሩ ሲሆን፣ በ1957 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ቆመ። ለብዙ ኢትዮጵያውያን የከተማዋ ስም ከብርድ ልብሱ ተለይቶ አይታወቅም። የነዋሪው ቁጥር በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 38,717፣ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 65,231 ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው፣ የቢራ ፋብሪካዎቹና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተጨምረዋል፤ ከጦርነትና ከግጭት የሸሸ ብዙ ተፈናቃይም ተጠግቷታል። ጎረቤላ የምትባለው የዛሬዋ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ግን በጥቂት ሺህ ሰው ተወስና ቀርታለች።

እንግዲህ ኩራቱ ምን ሠራ? በአንኮበር የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ከምኒልክ ግቢ የቀረው በድንጋይና በኖራ የተሠራ የግድግዳ ቁራጭ ነው። በአጠገቡ የአዳራሹን አምሳል ይዞ የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ ቆሟል፤ ጎብኚው አምሳሉ ውስጥ ቡና እየጠጣ እውነተኛውን በመስኮት ያያል። በነገሥታቱ የማይመካ የአንኮበር ሰው የለም፤ የዚያን ግድግዳ ኖራ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናም ይበላዋል። በደብረ ብርሃን በኩል ደግሞ ትምክህቱ በፋብሪካ ነው። የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ወደ በሬሳ መግባቱ በተደጋጋሚ የተጠና፣ ማንም የማይክደው ነገር ነው። በሬሳ ደግሞ ጀማን፣ ጀማ የመርሐ ቤቴን ግርጌ ያገኛል። በሸለቆው ከብቱን የሚያጠጣው ገበሬ ከደብረ ብርሃን እድገት የደረሰው ድርሻ ይኸው ነው፤ ሰርግ ቤት ላይ በሚደረገው ክርክር ግን የእርሱ ከተማ ስለሌለችበት አይጠየቅም።

ሦስተኛው የመንዝ ሰው ሲናገር መስማት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። መንዝ ታላቅ ከተማ የለውም፤ መሐል ሜዳም ሞላሌም ትናንሽ ናቸው። ነገር ግን ጓሳ አለው። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ይህን የውርጭ ምድር የአስቦና የጌራ ተወላጆች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቀሮ በሚባል ደንብ ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ወሰኑንም አባቶች በፈረስ ግልቢያ ለዩት ይባላል። ሣሩ ለጣራ ክዳን እስኪደርስ ድረስ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት በቀጠሮ ይታጨዳል፤ አለቃ ይመረጥለታል፤ የሰረቀ ይቀጣል። ደንቡ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ምክንያት ቢቋረጥም፣ ሕዝቡ በኋላ በሌላ መልክ አቋቋመው። ቀይ ቀበሮም ጭላዳም እዚያ የተረፉት በዚህ ነው። የመንዝ ሰው በጓሳ ሲመካ፣ አያቱ በብርድ ሌሊት ሲጠብቅ ያደረበትን፣ ማጭድ ይዞ በስውር ቢገባ ኖሮ የሚቀጣበትን ነገር እየጠቀሰ ነው። የአንኮበሩም የደብረ ብርሃኑም ኩራት እንዲህ ያለ የተራ ጥበቃ የለበትም።

ማኅበሩ ግንብ የማደስ ገንዘብ የለውም፤ ፋብሪካ የመቅጣት ሥልጣንም አልተሰጠውም። መለካት ግን ይችላል። የአንኮበሩ ግድግዳ ቁመቱ፣ ውፍረቱ፣ ስንጥቁና የኖራው ዓይነት በፕላን ላይ ቢሰፍር፣ የሚያድሰው ሰው ሲገኝ ከምን እንደሚነሣ ያውቃል፤ ሳይታደስ ቢወድቅም ምን እንደ ነበረ ይታወቃል። ለዚህም ሦስት ሰዎች፣ አንድ የመለኪያ መሣሪያና ሁለት ቀን ይበቃሉ። የበሬሳ ውሃ ደግሞ ከከተማው በላይና ከከተማው በታች፣ በበጋና በክረምት ተቀድቶ ቢመረመር፣ ውጤቱም በአማርኛ ተጽፎ ለከተማው አስተዳደርና ለታችኞቹ ወረዳዎች በአንድ ቀን ቢላክ፣ የመርሐ ቤቴው ገበሬም በክርክሩ ውስጥ ወንበር ያገኛል።

ለግድግዳው ሥራ የሚመቸው ጊዜ ክረምቱ አልፎ ድንጋዩ ሲደርቅ፣ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ነው። በኅዳር የአፋፉ ነፋስ ብርቱ ስለ ሆነ፣ ለመሄድ ስማቸውን የሚያስመዘግቡ አባሎች የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ወይም የመንዝ በርኖስ እንዲይዙ ይመከራሉ፤ ምርጫው ለየአገራቸው ኩራት የተተወ ነው።