ስለ አምኃና ስለ አጸፋው
(በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ)



በግእዝ የነገሥታት ስጦታ አምኃ ይባላል። ይኸውም «ተአምኀ» ካለው ግስ የወጣ ነው፤ ተሳለመ፥ እጅ ነሣ ማለት ነው። እንግዲህ ስጦታ በእጅ የሚሰጥ ሰላምታ ነው። ሰላምታም አጸፋ ይሻል፤ ደኅና አደርህ ሲሉት ዝም የሚል ሰው ያኮረፈ ነው ወይም ጠላት ነው።

ንግሥተ ሳባ ለሰሎሞን 120 መክሊት ወርቅ አመጣችለት። እርሱም ጥያቄዋን ሁሉ መለሰላት፤ የወደደችውንም ሰጥቶ አሰናበታት። ለእኔ ከወርቁ መልሱ ይበልጥብኛል።

የዓፄ ቴዎድሮስና የንግሥት ቪክቶርያ ነገር ግን እንዲህ አልሆነም። በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ቆንሲል ካሜሮን ንግሥቲቱ የላኳቸውን ሽጉጦች አመጣ፤ ንጉሡ ለእንግሊዙ ለፕላውደን ስላደረጉት ቸርነት ምስጋና ተቀርጾባቸው ነበር። ንጉሡም በጥቅምት ወር ደብዳቤ ጽፈው፥ መልእክተኞቻቸው በደኅና እንዲሻገሩ ጠየቁ፤ መልስም ለመኑ። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ ከመዝገብ ቤት ተጣለ። ንጉሡ ቢጠብቁ ቢጠብቁ መልስ ባጡ ጊዜ በ1856 ዓ.ም. ቆንሲሉን አሰሩ። (መልእክተኛን ማሰር ነውር ነው፤ ይህን የንጉሡን ጥፋት አልሸፍነውም።) የንግሥቲቱ መልስ ከእጃቸው የገባው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን የመጨረሻው ነው። በስቅለት ዕለት፥ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ ከመቅደላ በታች በአሮጌ ውጊያ ሆነ። በትንሣኤ ቀን ንጉሡ ለጀኔራል ናፒየር 1000 ላምና 500 በግ ላኩ። በአገራችን ልማድ ከብቱን የተቀበለ ዕርቁን ተቀበለ። ተቀበለ የሚል ቃል ስለ ደረሳቸውም የቀሩትን የአውሮፓ እስረኞች ለቀቁ። ጀኔራሉ ግን የስጦታውን ትርጓሜ ባወቀ ጊዜ ከብቱን ከሰፈሩ አላስገባም። አልቀበልም ማለት የጦር አዛዥ ሥልጣን ነው፤ ነገር ግን አለመቀበሉን በጊዜው፥ በግልጽ ቃል ሊናገር ይገባው ነበር። በማግሥቱ መቅደላ ተያዘ፤ ንጉሡም ከንግሥቲቱ በተሰጣቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

ወታደሮቹም ከመቅደላ ጽላት ሳይቀር ወሰዱ። ይህ አምኃ አይባልም። ከእነዚያ አንዱ በኤዲንብራ ካለ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኘ፤ ሰዎቹም ሳይገደዱ በ1994 ዓ.ም. መለሱት። የአዲስ አበባ ሕዝብ በእልልታ ተቀበለው። ከሌሎቹ ጽላት አያሌዎቹ ግን እስካሁን በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ናቸው።

እኛም ለዚህ በዓል ብዙ መባ ተቀብለናል። ግብር ሳይነሣ በፊት፥ ምንጣፍ የሰጠውም አንዲት ጧፍ ያመጣችውም ስማቸው በአንድነት ተነብቦ እግዚአብሔር ይስጥልን ይባሉ ዘንድ የደብሩን አለቃ እለምናለሁ።