ጣቢያ ከተሠራ በኋላ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ባቡር ጣቢያ ነው። «እኛ ገበሬዎች ነን፤ የአዲስ አበባ ባቡር ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ለሕክምና፣ ለፍርድ ቤት ጉዳይ ወይም ልጁን ለመጠየቅ ከተማ የሚወጣ ከመካከላችን ብዙ ነው። ደግሞም ባቡሩ የተሠራው በአገር ስም በተወሰደ ብድር ነው። ስለዚህ ነገሩ የሁላችንም ነው።

ለመሆኑ ጣቢያ ምንድን ነው? ጣቢያ ማለት ባቡር ቆሞ ሰው የሚያወርድበትና የሚያሳፍርበት ቦታ ነው። መኪና በየመንገዱ ዳር ሊቆም ይችላል። ባቡር ግን ከሐዲዱ አይወጣም፤ ጣቢያ በሌለበትም ሰው አያሳፍርም። ሐዲድ በደጃችን ቢያልፍ እንኳ ጣቢያው ሩቅ ከሆነ ጥቅሙ ለሌላ ነው።

አዲስ አበባ ባቡርን ያወቀችው ዛሬ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ትልቁ የለገሀር ጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። «ለገሀር» የሚለው ስም ራሱ ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ያ ባቡር ግን እያረጀ፣ እየተሰበረ ሄዶ ለገሀር መምጣቱን አቆመ። ሕንፃው ቆሞ ቀረ፤ ባቡሩ ቀረ። ይህን ልብ እንበል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከብዙ ዓመት በኋላ ከተማዋ ሰፋች፤ ሕዝቡም በዛ። ጧትና ማታ ታክሲ መጠበቅ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። በዚህ ምክንያት በ2004 ዓ.ም. የቀላል ባቡር ሥራ ተጀመረ። አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ባንክ የተገኘ ብድር ነው፤ የሠራውም የቻይና ኩባንያ ነው። የመጀመሪያው መስመር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሁለተኛው በጥቅምት ተከተለ። አንደኛው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ይደርሳል። ሌላው ከአያት ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ሁለቱ መስመሮች 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 39 ጣቢያዎች አሏቸው። ባቡሩ የሚሄደው በናፍጣ ሳይሆን ከላይ በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። አንዱ ባቡር እስከ 286 ሰው ይይዛል። ይህን ያህል ሰው ለመጫን ከ20 በላይ ሚኒባስ ታክሲ ያስፈልጋል።

ስታዲየም፣ ለገሀርና ሜክሲኮ የተባሉት ጣቢያዎች ሁለቱም መስመሮች የሚያልፉባቸው ናቸው። እዚህ ላይ ፊደል መቁጠር ጥቅሙ ይታያል። የቃሊቲ መንገደኛ ሳያነብ ቢሳፈር አያት ሊገኝ ይችላል። ወደ ካዛንቺስ የሚሄድ ሰው ደግሞ በአያት መስመር ተሳፍሮ «ባምቢስ» ወይም «ዑራኤል» የሚለውን ጽሑፍ አይቶ ይወርዳል፤ የቀረውን በእግሩ ይሄዳል። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው።

ስለ አደጋም እንናገር። በሬ «ቁም» ሲሉት ይቆማል። ባቡር ግን ፍሬን ቢይዝም ወዲያው አይቆምም፤ ዞር ብሎም አያሳልፈንም። ስለዚህ በተፈቀደው ማቋረጫ ብቻ እንሻገር። አጥር ዘለን አንግባ፤ ወደ ሽቦው ምንም ነገር አናንሣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። በ2015 ዓ.ም. ገደማ ግን በሥራ ላይ የነበሩት ከግማሽ በታች ነበሩ። ለምን? መለዋወጫው ከውጭ አገር የሚመጣ ነው፤ የሚገዛውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ምንዛሪ ሲጠፋ መለዋወጫ ጠፋ። መለዋወጫ ሲጠፋ ባቡሩ ቆመ። ጣቢያው አለ፤ ሐዲዱ አለ፤ ሰውም ተሰልፎ ይጠብቃል። የጎደለው የሚመጣው ባቡር ነው። የለገሀርን ታሪክ ልብ እንበል ያልነው ለዚህ ነው።

ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ የካዛንቺስ ነዋሪዎች ከሰፈራቸው ተነሥተው ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ የከተማው ዳርቻዎች ሄደዋል። ሐዲዱ ግን ቃሊቲ ላይ ያበቃል። በቀን ሥራ የሚያድር ሰው፣ ጉሊት የምትቸረችር እናት፣ ቤታቸው ሲርቅ ከገቢያቸው ላይ ብዙው ለመንገድ ይሄዳል። ለእነርሱ ባቡር የቅንጦት ነገር አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ታዲያ ከዚህ ምን እንማራለን? አዲስ ነገር ሲመረቅ ሁላችንም እናጨበጭባለን። መልካም ነው። ነገር ግን ሦስት ጥያቄ መጠየቅ አለብን። ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ለጥገና የሚሆን ገንዘብ የት ተቀምጧል? ለውሃ ፓምፑም፣ ለወፍጮውም፣ ለድልድዩም ጥያቄው ይኸው ነው። ጎበዝ ገበሬ ማረሻውን የሚያስተካክለው ዝናብ ከጣለ በኋላ አይደለም። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንኑ ነው።

በባቡር ስንሄድ ትኬት እንቁረጥ፤ ገንዘቡ ለጥገና ይረዳልና። ወንበሩንና በሩን እንደራሳችን ዕቃ እንያዝ። የሕዝብ ሀብት በኃላፊነት የያዙትንም ስለ ጥገናው ከመጠየቅ አንቦዝን። ጣቢያ የሚመረቀው አንድ ቀን ነው፤ ሥራው ግን በየቀኑ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. የለገሀር ሕንፃ ቆሞ ባቡሩ የቀረው ለምንድን ነው?
2. በቀበሌያችን ተሠርቶ የቆመ ነገር አለ? ለምን ቆመ?
3. እሱን ለማስጠገን ከማን ጋር መነጋገር አለብን?