ለወፍ የተጠገነች ደሴት



ወደብ በተጠረገ ቁጥር ከውኃው ሥር የሚወጣው አሸዋ የት ይጣል የሚለው ጥያቄ ይነሣል። በሰሜን አሜሪካ፣ በሱፔሪየር ሐይቅ ምዕራባዊ ጫፍ በሚገኘው የዱሉዝና የሱፔሪየር ወደብ፣ በ1930ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) የወጣው አሸዋ እዚያው ውኃው ውስጥ ተቆለለ። ክምሩም ደሴት ሆነ። የሚኔሶታና የዊስኮንሲን ግዛቶች ወሰን በላይዋ ስለሚያልፍ ኢንተርስቴት ተባለች።

ደሴቲቱ ለወፍ ተብላ አልተሠራችም። ይሁን እንጂ ተርን የሚባለው፣ ጅራቱ እንደ መንታ የተሰነጠቀ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ወደዳት። ይህ ወፍ ጎጆ አይሠራም ማለት ይቻላል፤ ጠጠሩን ጫር ጫር አድርጎ ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ይጥላል። የሚሻውም ሣር ያልወረሰው፣ ቀበሮ የማይደርስበት ገላጣ መሬት ነው። የሐይቁን ዳርቻ ሰው ስለያዘው እንዲህ ያለ ሥፍራ ብርቅ ሆነ። ሰው የጣለው አሸዋ መጠጊያው የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2010ዎቹ አጋማሽ የሐይቁ ውኃ ከፍ አለ፤ በ2019 ደግሞ ለወቅቱ ከዚያ በፊት ያልተመዘገበ ከፍታ ላይ ደረሰ። ማዕበሉ ዳርቻውን እየቦረቦረ ደሴቲቱን አጠበባት። ጋል የሚባሉት ጉልበተኛ ወፎች በሺህ እየሆኑ ቀድመው ስለሚሠፍሩ፣ ለተርን የቀረው ዝቅተኛው ቦታ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ አንድ የሰኔ ማዕበል የዓመቱን እንቁላል ሁሉ ጠርጎ ሊወስድ ይችላል።

በ2020 እና በ2021 የተካሄደው ጥገና አሸዋ አምጥቶ ማፍሰስ ብቻ ይመስል ይሆናል። ችግሩ ግን በዝርዝሩ ላይ ነው። ደቃቅ አሸዋ በነፋስ እየተነዳ እንቁላል ይቀብራል፤ ስለዚህ ከላይ ጠጠር ያስፈልጋል። ዳርቻው በድንጋይ ካልተጠበቀ ይሸረሸራል፤ ገደል ከሆነ ደግሞ ወደ ውኃው የወረደ ጫጩት ተመልሶ መውጣት አይችልም። የሥራው ጊዜም ቢሆን መሐንዲሱ እንደ ፈቀደ የሚወስነው አይደለም፤ በክረምት ወደቡ በረዶ ይሆናል፣ በግንቦት ወፎቹ ይመጣሉ።

ዛፍና ሣር የሌለበት የጠጠር ሜዳ ለመሐንዲስ ዓይን ያላለቀ ሥራ ይመስላል፤ አረንጓዴ ቢለብስ ደስ ባለው ነበር። እዚህ ግን አረንጓዴው ራሱ ብልሽት ነው። ከጥገናውም በኋላ አረሙ በየዓመቱ መነቀል፣ ጋሎቹን የሚከለክለውም አጥር ወፎቹ ከደቡብ አሜሪካ ከመመለሳቸው በፊት መታደስ አለበት።